«ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?»፦ በምሥራቅ ጎጃም አንድ የቁጠባና ብድር ዩኒየን ውስጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሰጠ የሳይበር ጥበቃ ያስነሳው የሕግ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በጥር 2017 ዓ.ም. በአንድ የገበያ ቅዳሜ፣ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ዩኒየን የ186 አባላት ሂሳብ በአንድ ጊዜ ታገደ። ያገደው ሰው አልነበረም። ዩኒየኑ ከስድስት ወር በፊት የገዛው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የሳይበር ደኅንነት መከታተያ ነበር። በዚያው ዕለት ማታ አንዲት ገንዘብ ያዥ ከሥራ ታገደች፤ በማግስቱም ስሟ በከተማው ሁሉ ተወራ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በግል የምሠራ ጠበቃ ነኝ። የዩኒየኑ ቦርድ የጠራኝ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ጉዳዩን የምጽፈው የቦርዱንም የሠራተኛዋንም ፈቃድ አግኝቼ ሲሆን፣ የተቋሙን፣ የመከታተያውን አቅራቢ፣ የወረዳውንና የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። የወንጀሉ ክፍል በፍርድ ቤት እየታየ ስለሆነ፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚለውን ለችሎቱ ትቼ፣ ሕጉ የት ላይ እንደተቸገረ ብቻ እጽፋለሁ።

የጉዳዩ ዳራ

የዩኒየኑ አባላት በአብዛኛው አርሶ አደሮች ናቸው፤ ጥቂት ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞችም አሉበት። ቅርንጫፎቹ በኔትወርክ የተገናኙ ሲሆን፣ አባላት በስልክም ገንዘብ ማንቀሳቀስ ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ አንዳንድ አባላት «ከተቋሙ ነው የምንደውለው» እያሉ የሚስጥር ቁጥር በሚጠይቁ ሰዎች ተታለው ገንዘባቸውን አጡ። ቦርዱ ይህን ለመከላከል መከታተያውን ለመግዛት ወሰነ። ውሳኔውን ዛሬም ቢሆን አልነቅፈውም፤ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ያለው ተቋም በየዕለቱ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ሁሉ በዐይን ሊከታተል አይችልም።

መከታተያው የእያንዳንዱን ሠራተኛ የተለመደ አሠራር ይማራል፦ በስንት ሰዓት ሲስተም ውስጥ እንደሚገባ፣ በቀን ስንት ሂሳብ እንደሚከፍት፣ ምን ዓይነት ለውጥ እንደሚያደርግ ያጠናል። ከለመደው የወጣ ነገር ሲያይ ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከ90 ካለፈ ሰው ሳይጠይቅ የሠራተኛውን የሲስተም መግቢያና በዚያ ዕለት የነካቸውን ሂሳቦች ሁሉ ይቆልፋል። የሚሠራው ከአገር ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ነው።

የመማሪያ ጊዜው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነበር። ጎጃምን የሚያውቅ ሰው ችግሩን ከዚህ ላይ ሊገምት ይችላል። በክረምት አርሶ አደሩ ማሳው ላይ ነው፤ እጁም ባዶ ነው፤ ወደ ቅርንጫፍ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገበያ ወጥቶ ብድር የሚመለሰው፣ ለሠርግ ድግስ ገንዘብ የሚወጣው፣ ለማዳበሪያ ክፍያም መቆጠብ የሚጀመረው ከታኅሣሥ መጨረሻ ወዲህ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ይጣደፋል። ማሽኑ ሠራተኞቹን ያወቃቸው በሥራ ፈትነታቸው ወራት ስለነበር፣ በጥር ሲያያቸው ሌላ ሰው ሆኑበት። በዚህ ላይ ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ተደርጎ ተሞልቶ ነበር። በከተማዋ ደግሞ ቅዳሜ ትልቁ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ ቅርንጫፉ እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ይሆናል። የሠራተኞቹን የሥራ ቀን ሻጩ አልጠየቀም፤ ገዢውም አልነገረም።

ውሉ አሥራ አራት ገጽ ሆኖ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። ቦርዱ ያነበበው ሁለት ገጽ የአማርኛ አጭር መግለጫ ነበር። በመግለጫው ያልተካተቱ አራት ነገሮች በኋላ ዋና ጉዳይ ሆኑ፦ የአቅራቢው ኃላፊነት ከአንድ ወር የአገልግሎት ክፍያ አይበልጥም፤ ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚያሳየው የእንቅስቃሴ ምዝገባ የሚቀመጠው ለ30 ቀን ብቻ ነው፤ አቅራቢው የተሰበሰበውን ዳታ «አገልግሎቱን ለማሻሻል» ሊጠቀምበት ይችላል፤ በራሱ የሚቆልፈውም ሥርዓት ገዢው እንዲጠፋ ካልጠየቀ በቀር ከመጀመሪያው በርቶ ይሰጣል። ውሉ የተፈረመው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በነጋሪት ጋዜጣ በታተመበት በዚያው ሐምሌ ወር ነበር። አዋጁን ግን ከፈራሚዎቹ አንዳቸውም አላነበቡትም።

ምን ተፈጠረ

በተባለው ቅዳሜ ቅርንጫፉ ከጠዋት ጀምሮ ተጨናንቆ ነበር። ቀትር ላይ የገንዘብ ያዥዋ መግቢያ 94 ነጥብ አግኝቶ ተቆለፈ፤ 186ቱ ሂሳቦችም አብረው ታገዱ። ሥራ አስኪያጁ መልእክቱን ያነበበው አመሻሽ ላይ ነው። መልእክቱ በሠራተኛዋ መግቢያ ከወትሮው እጅግ የበዙ ሂሳቦች መከፈታቸውንና የሦስት አባላት የስልክ ቁጥር መለወጡን ይገልጻል፤ ከሥሩም «የውስጥ ሰው ስጋት» የሚል ቃል አለበት። ሥራ አስኪያጁ ያን ቃል እንደ ፍርድ አነበበው። በዚያው ማታ የእግድ ደብዳቤ ጻፈ። የኮምፒዩተር ባለሙያው በበኩሉ «ቫይረስ ይኖርበት ይሆናል» ብሎ ማሽኗን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። ከዚያ በፊት ግን በዚሁ ማሽን ላይ ክፍት ሆኖ ያገኘውን የግል ቴሌግራሟን ገብቶ አንብቧል።

ሰኞ ዕለት ከቅርንጫፉ ስደርስ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ልጃቸውን የሚድሩበት ቀን የደረሰ አንድ አዛውንት መስኮቱ ላይ ቆመው ከአንድ ወጣት ሠራተኛ ጋር ይነጋገራሉ።

«ልጄ፣ ብሬን ማን ነው ያሰረው?»

«አባባ፣ እኛ አይደለንም፤ ሲስተሙ ነው ያገደው።»

«ሲስተሙ የማን ልጅ ነው? ጥሩልኝና ላናግረው።»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ በጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የጠየቅሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር አንድ ሰው ሲበድል «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው ሽማግሌ የሚላክበት፣ ካሣም የሚጠየቅበት ደጅ እንዲታወቅ ነው። ሕጉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መብትና ግዴታ የሚሰጠው ለተፈጥሮ ሰውና በሕግ ሰውነት ለተሰጠው አካል ስለሆነ፣ 94 ነጥብ የሰጠው ማሽን ከሁለቱም ወገን አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቋል፤ ፖሊሲ ግን ለዳኛ አንቀጽ አይሆንም። ስለዚህ መልሱን ከነባሮቹ ሕጎች መፈለግ ነበረብን።

የሕግ ጥያቄዎቹ

የመጀመሪያው ጥያቄ አባላቱን ይመለከታል። የዩኒየኑ መተዳደሪያ ደንብ የአባል ቁጠባ የሚያዝበትን ምክንያት ይዘረዝራል፦ ያልተከፈለ ብድር፣ የዋስትና ግዴታ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ። የማሽን ጥርጣሬ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በዚያ ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ማንኛውም ሰው መብቱን በሚነካ ጉዳይ በማሽን ብቻ ለሚሰጥ ውሳኔ እንዳይዳረግ መብት ይሰጠዋል። 186ቱን ሂሳቦች አይቶ «ይታገዱ» ያለ ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ መልእክቱን ካነበበ በኋላ እግዱን ባለማንሳቱ ውሳኔው የእርሱ ሆኗል ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እኔ በግሌ ይህ ክርክር ደካማ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሥራ አስኪያጁ እግዱን የማንሳት ሥልጣን እንዳለው እንኳ በወቅቱ አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ሠራተኛዋን ይመለከታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለማስጠንቀቂያ ሥራ የሚቋረጥባቸውን ጥፋቶች በአንቀጽ 27 ይዘረዝራል፤ ሠራተኛን ከሥራ አግዶ ማቆየት የሚቻልበትን ምክንያት ለኅብረት ስምምነት ትቶ፣ እግዱ ከ30 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል። ዩኒየኑ የኅብረት ስምምነት የለውም። ስለዚህ የእግዱ ደብዳቤ ከመነሻው አንድ እግሩ በአየር ላይ ነበር። በሌላ በኩል አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልወሰነ ውሉን የማቋረጥ መብቱ ይቀራል። አሠሪው እንዲጣደፍ የሚገፋው ይኸው ጊዜ ነው፤ የምዝገባው የ30 ቀን ዕድሜ ሲጨመርበት ጥድፊያው እጥፍ ሆነ።

ሦስተኛው ጥያቄ ማስረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብንም እርሱ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከኮምፒዩተር የተገኘ መረጃን በማስረጃነት ይቀበላል፤ ትክክለኛነቱን የማረጋገጥ ሸክሙን ግን ማስረጃውን በሚያቀርበው ተከራካሪ ላይ ይጥላል። በእጃችን የነበረው 94 የሚል ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ከምን እንደተገነባ አቅራቢው ድርጅት እንዲያስረዳ ስንጠይቀው «የንግድ ምስጢር ነው» አለ። አንድ ምስክር «ሌባዋ እርሷ ናት፤ ለምን እንደምል ግን አልናገርም» ቢል የትኛው ችሎት ይሰማዋል? ነጥቡ ጥቆማ ነው፤ ወደ የት መመልከት እንዳለብን ያመለክተናል። ማስረጃው ከነጥቡ ሥር ያለው ጥሬ ምዝገባ ነው።

ጥሬው ምዝገባም ቢሆን ሌላ ወጥመድ ነበረበት፤ እርሱም ሰዓት ነው። ሦስቱ የስልክ ቁጥሮች የተለወጡት 09:50 ላይ እንደሆነ ሪፖርቱ ይናገራል። ሥራ አስኪያጁ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ50 ብሎ አነበበው፤ ገንዘብ ያዥዋ በዚያ ሰዓት መስኮቷ ላይ ነበረች። የኮምፒዩተር ባለሙያው ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ስለሚያውቅ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ ጠዋት 3 ሰዓት ከ50 ነው አለ፤ በዚያም ሰዓት መስኮቷ ላይ ነበረች። በሁለቱም ንባብ ጥፋተኛ ትመስላለች። ሰርቨሩ ግን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነበር። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ 09:50 በአገራችን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 12:50፣ በእኛ አነጋገር ደግሞ ቀትር 6 ሰዓት ከ50 ነው። በቅርንጫፉ የፊርማ መዝገብ ላይ ገንዘብ ያዥዋ በ6፡30 ለምሳ ወጥታ በ7፡30 ተመልሳለች። በዚያ መሐል መግቢያዋ ክፍት ነበር፤ የይለፍ ቃሏም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከኪቦርዱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ይህ በራሱ ጥፋት ነው፤ ሆኖም ከስርቆት ጋር አንድ አይደለም።

አራተኛው ጥያቄ ተቋሙን ራሱን ወደ ተጠርጣሪነት ይገፋዋል። መከታተያው በሥራ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚተላለፉ መልእክቶችንም ይቃኝ እንደነበር ያወቅነው የውሉን ዝርዝር ስናነብ ነው። ለሠራተኞቹ አስቀድሞ የተነገረ ነገር የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰዎች በመገናኛ መሣሪያ የሚያደርጉትን ግንኙነት ከመደፈር ይጠብቃል፤ አዋጅ 958/2008ም ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ለሕዝብ ክፍት ያልሆነ የኮምፒዩተር ዳታን መጥለፍን በወንጀል ይቀጣል። ኮምፒዩተሩ የዩኒየኑ መሆኑ በላዩ ላይ የተከፈተውን የግል ቴሌግራም የዩኒየኑ አያደርገውም። ባለሙያው ያነበበውን ለማንም እንዳይናገርና ሁለተኛም እንዳይከፍት በጽሑፍ አሳሰብኩት። መልእክቶቹ ውስጥ የሚጠቅም ነገር ቢኖር እንኳ በዚህ መንገድ የተገኘ ነገር ከሚያስገኘው ጥቅም ጉዳቱ ይበልጣል።

አቅራቢው በማስታወቂያ ጽሑፉ ምርቱ «ከአውሮፓ ሕግ ጋር የተስማማ» መሆኑን ጽፏል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ እዚህ አይሠራም፤ ነገር ግን ለንጽጽር አነበብኩት። በመቅድሙ ለሳይበር ደኅንነት ብቻ የተሠራን ክፍል በመሠረተ ልማት ዘርፍ ከከፍተኛ ስጋት ምድብ ያወጣዋል። ይኸው ሕግ የሠራተኞችን ሥራና ባሕርይ የሚከታተልና የሚመዝን ሥርዓትን ደግሞ ከከፍተኛ ስጋት ምድብ ያስገባዋል። አቅራቢው የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን ዘሎታል። የእኛው መከታተያ ሁለቱንም ይሠራ ነበር፦ ሌባን ሲፈልግ ሠራተኛን ይመዝናል። የሕጉ ችግር የሚነሣው ከዚህ ድርብ ጠባይ ነው።

አምስተኛው፣ ማን ይካሥ የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ከውጭ አገር ሰርቨር ላይ በወር ክፍያ የሚሰጥ ሶፍትዌር «ዕቃ» ነው ወይ ስንል ግን ክርክሩ ይረዝማል። በውል በኩልም የኃላፊነት ገደቡ አለ። ሂሳቡን አስልተን ስናየው ከአቅራቢው የሚገኘው ካሣ አዲስ አበባ ተመላልሶ ለመከራከር የሚወጣውን ወጪ አይሸፍንም ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለአቅራቢው የጥር ወርን ጥሬ ምዝገባ በሙሉ ሳይሰርዝ እንዲያቆይና ቅጂውን እንዲልክ በደብዳቤም በኢሜይልም ጠየቅን። አዋጅ 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መረጃ) ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ እንደሚያስገድድ ጠቅሰን፣ የውሉ 30 ቀን ከሕግ በታች መሆኑን አስረዳን። አቅራቢው በሕጉ ትርጉም አገልግሎት ሰጪ መሆኑን አላመነም፤ ቢሆንም ምዝገባውን በስምንተኛው ቀን ላከ። ደብዳቤው አንድ ወር ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ሰዓቱ የጻፍኩት ሁሉ አይኖርም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ለፖሊስ፣ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ አሳወቅን። የሳይበር ወንጀልን የማሳወቅ ግዴታ የተጣለው በአገልግሎት ሰጪዎችና በመንግሥት አካላት ላይ ስለሆነ፣ ዩኒየኑ ከሁለቱ ውስጥ መመደቡ ያከራክራል። ከመከራከር ማሳወቅ ይቀላል ብለን አሳወቅን። በደብዳቤው ላይ የገንዘብ ያዥዋን ስም ተጠርጣሪ አድርገን አልጻፍንም፤ «በአንድ ሠራተኛ መግቢያ የተፈጸመ ለውጥ» ብቻ አልን። ቦርዱ ይህን አልወደደውም ነበር። አንድ የቦርድ አባል «ሌባ እየደበቅን ነው» ብሎ ተናገረ፤ የፊርማ መዝገቡ ሲገለጥ ግን ዝም አለ።

ሂሳቦቹን ለመክፈት ሦስት ሰው መደብን፦ የሒሳብ ሹሙን፣ የቁጥጥር ኮሚቴውን አንድ አባልና ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ ገንዘብ ያዥ። በወረቀት ደረሰኝና በሲስተሙ መካከል እያመሳከሩ አንድ በአንድ ፈቱ። እስከ ረቡዕ ማታ 183ቱ ተከፈቱ፤ ሦስቱ ለምርመራ ቆዩ። አዛውንቱ ገንዘባቸውን ያገኙት ማክሰኞ ነው። ድግሱ አልቀረም፤ በሬውን ግን በዱቤ ነው የገዙት።

ገንዘብ ያዥዋን በጠበቃ ቢሮ ሳይሆን በቅርንጫፉ፣ የመረጠችው የሥራ ባልደረባ ባለበት አነጋገርናት። የግል ስልኳን እንድታሳይ ሥራ አስኪያጁ ጠይቋት ነበር፤ ይህን የመጠየቅ ሥልጣን የለውምና ጥያቄው እንዲነሣ አደረግን። ስልክ መፈተሽ ካስፈለገ መርማሪ ፖሊስ በሕጉ መንገድ ይፈትሸው። የእግዱ ደብዳቤ ተሽሮ በአሥራ ዘጠነኛው የሥራ ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የታገደችበት ቀን ደመወዝም ተከፈላት። የይለፍ ቃሏን ሳትጠብቅ በመቅረቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ እርሷም ፈርማ ተቀበለች።

የሠራውና ያልሠራው

ለመከታተያው ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በሦስቱ ሂሳቦች ላይ የሆነው እውነተኛ ማጭበርበር ነበር፤ ሰው ብቻውን ቢሆን ሳምንታት ቆይቶ ነበር የሚደርስበት። ማሽኑ ሦስቱን አገኘ፤ የተሳሳተው ለሦስቱ ብሎ 183 ንጹሐንን በማሰሩና የመግቢያዋን ባለቤት ከድርጊቱ ፈጻሚ ባለመለየቱ ነው። ሁለተኛውን ግን የማሽኑ ስህተት ማለት ይከብዳል። ማሽኑ የሚያውቀው መግቢያውን እንጂ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይደለም፤ «የውስጥ ሰው» የሚለውን ቃል ወደ አንዲት ሴት ስም የለወጠው ሥራ አስኪያጁ ነው።

በደንብ ሠርቷል የምለው ቶሎ የተጻፈው የማቆያ ደብዳቤና የወረቀቱ የፊርማ መዝገብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያን መዝገብ «ዘመናዊ ስላልሆነ» ሊያስቀረው አስቦ እንደነበር ነግሮኛል።

ያልሠራው ብዙ ነው። ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ በመጫኑ ምክንያት በምሳ ሰዓት ማን እንደተቀመጠበት ሊያሳይ የሚችለው ነገር ጠፍቷል። መርማሪው ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። አቅራቢው ነጥቡ እንዴት እንደተሰላ እስከ ዛሬ አላስረዳም፤ በድርድር ያገኘነው ነጥቡን በብዛት የገፉትን አምስት ምክንያቶች በየማስጠንቀቂያው ላይ እንዲጽፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ዝርዝር ስናይ ከአምስቱ ሁለቱ «ያልተለመደ ቀን» እና «ያልተለመደ ብዛት» ሆኑ፤ ማለትም ገበያና ጥር። ወደ ውጭ አገር የሄደውን የአባላት ዳታ መመለስም ሆነ ለማሻሻያ ከዋለበት ማውጣት አልተቻለም። አባላቱ ዳታቸው ወደ ውጭ እንደሚሄድ ሳይነገራቸው መቆየቱን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ቦርዱ ራሱ ተናገረ፤ ከሁሉ በላይ ቁጣ የቀሰቀሰውም ከገንዘቡ እግድ ይልቅ ይህ ነበር።

የገንዘብ ያዥዋ ስም ጉዳይ ደግሞ በደብዳቤ የሚመለስ አልሆነም። ዩኒየኑ የይቅርታ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፏል። የለጠፈው ግን ቅዳሜ በገበያ የተወራው ነገር ወደ የገጠር ቀበሌው ከደረሰ ከአንድ ወር በኋላ ነው። አንዳንድ አባላት አሁንም ሌላ መስኮት ይመርጣሉ።

ሌላ ተቋም ሊወስዳቸው የሚችሉ ነገሮች

በራሱ የሚቆልፍ ሥርዓት ሲገዛ መጀመሪያ መታረም ያለበት ኮምፒዩተሩ ሳይሆን መተዳደሪያ ደንቡ ነው። ዩኒየኑ በጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን አሻሽሎ፣ በጥርጣሬ የሚደረግ እግድ ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ካለፈ በስሙ የሚፈርም ኃላፊ እንዲኖረው ወስኗል። አሁን ማሽኑ ብቻውን የሚያግደው የስልክ ቁጥር የተለወጠበትን ሂሳብ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ለሰው ያሳውቃል። ይህ የመከላከል አቅሙን ትንሽ ቀንሶት ይሆናል፤ በእኔ አስተያየት ግን ተገቢ ዋጋ ነው።

የመማሪያው ጊዜ የአካባቢውን ዓመት ማካተት አለበት። ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ የመኸር ገበያ ያላየ ማሽን በጎጃም ሠራተኛ ላይ ነጥብ የመስጠት ብቃት የለውም። ይህ ቴክኒካዊ ምክር ቢመስልም የሕግ ምክር ነው፤ ነጥቡ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ተከላካይ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጎ የሚያነሣው ይህንን ነው። እኔ በሌላኛው ወገን ብቆም እንዲሁ አደርግ ነበር።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ማንኛውም ሪፖርት በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ከቁጥሩ ጎን በቃል ይጻፍ። ዩኒየኑ አሁን «ቀትር 6፡50፣ በሰርቨሩ 09:50» እያለ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሰፍራል። ፖሊስ ጣቢያም ሆነ ችሎት የሚሰጠው የምስክር ቃል በእኛ ሰዓት ስለሆነ፣ ይህ ሳይስተካከል የሚቀርብ የኮምፒዩተር ማስረጃ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል፤ የባሰ ከሆነም ሳይፈርስ ንጹሕ ሰው ያስቀጣል።

ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ኮምፒዩተሩን ማንም አይንካው። ኔትወርኩን ብቻ ነቅሎ፣ ክፍሉን ቆልፎ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደቆለፈ በወረቀት ጽፎ መርማሪ መጠበቅ ነው። ይህን ለማድረግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ከአቅራቢ ጋር የሚፈረመው ውል በአማርኛ ይሁን፤ አጭር መግለጫ ውል አይደለም። ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ ለማሻሻያ ይዋል አይዋል፣ ምዝገባው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ክርክር ሲነሣ አቅራቢው ባለሙያ ምስክር ይልክ እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። የመጨረሻውን ነጥብ አብዛኛው ሰው ይረሳዋል። በአዲሱ ውል ምዝገባው ለአንድ ዓመት ይቆያል፤ ዳታው ለማሻሻያ አይውልም፤ የኃላፊነት ገደቡ ከአንድ ወር ወደ አንድ ዓመት ክፍያ ከፍ ብሏል። የምስክሩን ጉዳይ አቅራቢው አልተቀበለም።

ያልተፈታ አንድ ጥያቄ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ የዳታ ጥሰት ሲደርስ ለባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲታወቅ ያዛል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመቼ ነው? ማሽኑ ቅዳሜ ቀትር ላይ «አውቋል»፤ ሥራ አስኪያጁ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አንብቧል፤ ጥሰት መሆኑን በሰው ዐይን ያረጋገጥነው ደግሞ ረቡዕ ነው። ማሽኑ ያወቀው ተቋሙ እንዳወቀው ይቆጠራል ከተባለ፣ በዕረፍት ቀን የመጣ ማስጠንቀቂያ ማንም ሳያነበው ጊዜውን ይበላዋል። ሰው ሲያነበው ነው ከተባለ ደግሞ ማስጠንቀቂያን ሳያነብ ማቆየት ጥቅም ያስገኛል። እኛ ማክሰኞ ጠዋት ስላሳወቅን በየትኛውም ቆጠራ ከ72 ሰዓቱ አላለፍንም፤ ጥያቄውም ሳይመለስ ቀረ። በዩኒየኑ የሥራ መመሪያ ላይ ቆጠራው ማስጠንቀቂያው ከደረሰበት ደቂቃ እንደሚጀምር ጽፈናል፤ ለዚህም ሲባል ቅዳሜና እሑድ ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ተረኛ ሠራተኛ ተመድቧል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም በበጀቱ ተይዟል።